ሐዋሳ ላይ የወሰድኩት የስትሮክ ሪሃብ ሲፒዲ ኮርስ፦ ለፊዚዮዎች ይጠቅማል ወይስ ክሬዲት ብቻ ነው?

ሐዋሳና አካባቢዋ ያላችሁ ፊዚዮቴራፒስቶች እየደወላችሁ "ያ የስትሮክ ሪሃብ ኮርስ እንዴት ነበር፣ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ" እያላችሁኝ ስለሆነ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው። ኮርሱ የሦስት ቀን ሲሆን ስትሮክ የመታውን ሰው በእንቅስቃሴ ሕክምና ወደ አቅሙ ስለመመለስ (ሪሃብ) ነው። አጭሩ መልሴ ተመዝገቡ ነው። ግን ለምን እንደሆነና ምን ላይ እንደተናደድኩ በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ሦስቱም ቀን እኩል አይደለም፣ ሁለተኛው ቀን ብቻውን ከከፈልኩት ብር በላይ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ባነበው ይሻለኝ ነበር። የአዘጋጁን ስም ሆን ብዬ አልጠራም። የማነሳው ቅሬታ እዚ ከተማ በወሰድኳቸው ሌሎች ስልጠናዎችም ያየሁት ስለሆነ አንዱን ለይቶ መውቀስ ልክ አይመስለኝም፣ የወሰዳችሁት ደግሞ የቱ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ለማታውቁ፣ በተለይ ገና ለተመረቃችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ሲፒዲ፣ ማለትም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና፣ ግዴታ ነው፣ በዓመት 30 ክሬዲት ይጠበቅብናል፣ ኮርሱም እውቅና የተሰጠው መሆን አለበት፣ ዝም ብሎ አንድ ሰው አዳራሽ ተከራይቶ ያስተማረው አይቆጠርም። እስከዚ ድረስ ጥሩ ነው፣ እኔ በሕጉ እስማማለሁ፣ ከተመረቀ ጀምሮ አንድ ገጽ ያላነበበ ሰው የሰው አንገትና ወገብ ሲነካ ማየት ያስፈራል። ችግሩ ለነርስ ለሚድዋይፍ ለሐኪም የሚሆን ኮርስ በየጊዜው ይወጣል፣ ለፊዚዮ የሚሆነው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን፣ ኢንፌክሽን መከላከል፣ የታካሚ አያያዝ፣ ስነምግባር፣ ምናምን እየወሰድን 30ውን እንሞላለን። እነዚህ አያስፈልጉም እያልኩ አይደለም፣ ያስፈልጋሉ። ግን አንድ ፊዚዮ ዓመት ሙሉ ክሬዲቱን ሞልቶ ስለ ትከሻ ወይም ስለ እርምጃ አንድም አዲስ ነገር ሳይማር ፈቃዱ ይታደሳል ማለት ነው። ለዚ ነው "ስትሮክ ሪሃቢሊቴሽን ለፊዚዮቴራፒስቶች" የሚል ነገር ሐዋሳ ላይ ሲመጣ ሳላመነታ የተመዘገብኩት።

ክፍያው 3,500 ብር ነው፣ ሻይና ምሳ ጨምሮ። ለሦስት ቀን 15 ክሬዲት፣ ማለትም የዓመቱን ግማሽ ያስገኛል። የመንግሥት ደሞዝ ለሚበላ ሰው 3,500 ቀላል ብር አይደለም፣ መሥሪያ ቤት የሚከፍልላችሁ ካላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ እኔ ከኪሴ ነው። ከዲላና ከሶዶ የመጡት ደግሞ አልጋና ትራንስፖርት ጨምረው ነው የከፈሉት። አንዷ ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ እየተመላለሰች ነው የተማረችው፣ ጠዋት ከማንም ቀድማ አዳራሹ ውስጥ የምትገኘው ደግሞ እሷ ነበረች። ይሄን የምጽፈው አዘጋጆች እንዲያስቡበት ነው፣ ሰው ይሄን ያህል ከፍሎና ደክሞ ሲመጣ ስላይድ ሊነበብለት አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ቀን ልግባ፣ ቶሎ ልጨርሰው። አዳራሹ ሐይቁ አካባቢ ያለ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ቦታው ደስ ይላል፣ ንጹህ ነው። ምዝገባው ከተባለው ሰዓት በጣም ዘገየ፣ ከዛ መክፈቻ ንግግር፣ ከዛ ሌላ ንግግር፣ ከዛ ፕሪ ቴስት፣ ከዛ ሻይ። ትምህርት የተጀመረው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያው አሰልጣኝ ጎበዝ ሐኪም ናቸው፣ ስለ ደም ስር መዘጋትና መፍሰስ፣ ስለ አንጎል ክፍሎች በደንብ ያውቃሉ፣ ግን ያቀረቡት ለሕክምና ተማሪ የተዘጋጀ ስላይድ ነበር። ስለ መድኃኒት ዶዝ ረጅም ሰዓት ሄደ። እኛ መድኃኒት አናዝም፣ እኛ ማወቅ የምንፈልገው ይሄ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲቆም ደም ግፊቱ ይወርዳል ወይ፣ መቼ ነው ልምምዱን ማቋረጥ ያለብኝ፣ እሱን ነው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ጠየቀ፣ መልሱ አጭር ነበርና ወደ ስላይዱ ተመለሱ። ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ፕሮጀክተር የለም፣ እና ያን ክፍተት ለፕራክቲካል መጠቀም ሲቻል ቁጭ ብለን ጠበቅን። በቃ የመጀመሪያው ቀን ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቀን ግን! አሰልጣኟ ሐበሻ ናቸው፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት፣ ለቤተሰብ መጥተው በዛው ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነው ነው። ገና ሲገቡ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጉ አሉን፣ መሀሉን ባዶ አደረግነው፣ ስላይድ የለም፣ ፕሮጀክተሩን ጭራሽ አልነኩትም። ሁለት የሆቴል አልጋ ፍራሽ፣ ጥቂት ትራስ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ሰሌን፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ፕላስተር፣ ይሄ ነው የቀኑ መሣሪያ በሙሉ። "ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ የሌለ ዕቃ አላመጣሁም" አሉ። ይሄን ያህል የገባው አሰልጣኝ አይቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ትከሻ ነው። በስትሮክ አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለሚላሉ የክንዱ አጥንት ከጉድጓዱ ወደ ታች ይንሸራተታል። አንዱን ታካሚ በፈቃዱ አምጥተው ነበር፣ ከገጠር የመጡ አባባ ናቸው፣ ልጃቸው ሲዳምኛ እያስተረጎመ። አሰልጣኟ አባባን አስቀምጠው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ ክንዳቸው በነጻ ተንጠልጥሎ እያለ የትከሻው አጥንት ጫፍ ስር ጣታቸውን አስገብተው ክፍተቱን ለኩ፣ አንድ ጣት በደንብ ይገባል። ከዛ እያንዳንዳችን በተራ እየነካን ጤነኛውን ጎን ካመመው ጋር እንድናነጻጽር አደረጉን። ልጅየውን "አባትህን ከአልጋ ስታነሳ እንዴት ነው የምትይዘው" ብለው ጠየቁት፣ አሳየ፣ ብብታቸው ስር እጁን አስገብቶ ወደ ላይ መጎተት። ሁላችንም ዎርድ ውስጥ በየቀኑ የምናየው ነገር ነው፣ አስታማሚው ክንድ ይስባል፣ አንዳንዴ የኛም ሰው ይስባል፣ ከዛ ታካሚው ከሳምንታት በኋላ "ትከሻዬን አመመኝ" ሲል ስትሮኩ ነው እንላለን። አሰልጣኟ ልጁን አልተቆጡትም፣ እጁን ይዘው ከዳሌ አካባቢ እንዴት እንደሚደግፍ አስተካከሉት፣ አንሶላ አጥፈው ወገባቸው ላይ አዙረው እሱን ይዞ እንዲያነሳ አሳዩት፣ ልጁ ራሱ ደጋግሞ ሠራው። አባባ "አሁን አላመመኝም" ሲሉ ልጁ ከማስተርጎሙ በፊት ፊታቸው ላይ አይተነዋል።

ከዛ ፑሊውን አነሱ። ብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ገመድና መዘውር አለ፣ ታካሚው በደህናው እጁ እየሳበ የደከመውን ክንዱን ወደ ላይ ያነሳል። በጣም የተለመደ ነው፣ ሰው ሲበዛብን "እዛ ሂድና ሥራ" እንላለን። ለስትሮክ ትከሻ ግን ይሄ ነገር አይመከርም፣ ክንዱ በኃይል ወደ ላይ ሲሄድ ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት አብሮ ስለማይዞር መሀል ላይ ያለው ጅማት ይቆነጠጣል፣ ሕመም ያመጣል፣ መመሪያዎችም ተዉት ነው የሚሉት። እዛ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ምን ያህሉ በዛው ሳምንት ታካሚ ፑሊ ላይ እንዳስቀመጠ ፊታችን ይናገር ነበር። በምትኩ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ በፎጣ እያንሸራተቱ ወደ ፊት መግፋት፣ ሲቀመጡ ክንዱን በትራስ መደገፍ፣ ሲተኙ ትከሻውን ወደ ፊት አውጥቶ ማስቀመጥ፣ እነዚህን በየተራ እርስ በርሳችን ሠራናቸው። ኮርሱ በዚ ብቻ ቢያልቅ ብሬ ወጥቷል ብዬ እሄድ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ከመቀመጥ መነሳት ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እግር ከጉልበት ኋላ መሆን አለበት፣ ሰውየው ወደ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ፊት መሄድ አለበት፣ አፍንጫው የእግር ጣቱ ጋ እስኪደርስ፣ ከዛ ነው መቀመጫው የሚነሳው። የደከመውን እግር ትንሽ ወደ ኋላ ስታደርጉት ክብደት እሱ ላይ ያርፋል፣ ወደ ፊት ካደረጋችሁት ግን ደህናው እግር ሁሉን ሥራ ይሠራና የደከመው እየደከመ ይቀራል። በከፍተኛ ወንበር ይጀመራል፣ እየቆየ ዝቅ ይላል። እና እዚ ጋ ነው በርጩማውና ሰሌኑ የመጣው። አሰልጣኟ "ይሄ ሰውዬ ቤቱ ምን ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ምን ላይ ነው የሚተኛው፣ ሽንት ቤቱ እንዴት ነው" ብለው ጠየቁን፣ ዝም አልን። አባባ ቤታቸው በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ሽንት ቤታቸው ቁጢጥ የሚባልበት ነው። እኛ ሆስፒታል ውስጥ ከፍ ባለ አልጋ ጠርዝ ላይ አስነስተን "ጎበዝ፣ መነሳት ችለሃል" ብለን ወደ ቤት የምንልከው ሰው ቤቱ ሲደርስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መነሳት አይችልም፣ ከዛ ሁለት ሰው ብብቱን ይዞ ይስበዋል፣ ተመልሰን ትከሻው ጋ መጣን ማለት ነው። ይሄን ማንም ስላይድ ላይ አይጽፍላችሁም። እኔ አሁን የማየው ታካሚ ሁሉ ላይ የቤቱን መቀመጫና ሽንት ቤት ካርዱ ላይ እጽፋለሁ።

ከሰዓት መለኪያ ነበር። በርግ የሚባለውን የሚዛን መለኪያ ብዙዎቻችን ስሙን እናውቃለን፣ ትምህርት ቤት ተፈትነንበታል፣ ግን ሥራ ላይ የሚጠቀመው ጥቂት ነው። 14 ሥራዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4፣ ድምሩ 56። የሚፈልገው ወንበር፣ ማስመሪያ፣ የስልክ ሰዓትና አንድ ደረጃ ነው። አባባ ላይ ሠራነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን ነጥብ ሰጠን፣ ነጥባችን ተለያየ፣ ለምን እንደተለያየ ስንከራከር ነው በትክክል የገባን። ከዛ ኮሪደሩ ላይ 10 ሜትር በፕላስተር ምልክት አድርገን የእርምጃ ፍጥነት ለካን። በሰከንድ ከ0.4 ሜትር በታች የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ቤት ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነው፣ ከ0.8 በላይ ከሆነ ውጪ ወጥቶ ጉዳዩን መፈጸም ይችላል ተብሎ ይወሰዳል። ይሄን ቁጥር ስታውቁ ለቤተሰብ የምትሉት ነገር ይኖራችኋል። "ለውጥ አለው" ከማለት "ባለፈው ወር ይሄን ያህል ነበር፣ አሁን ይሄን ያህል ሆኗል፣ መናኸሪያ ጋ አስፋልት ለመሻገር ግን ገና ነው" ማለት ይሻላል፣ ባጃጁ አይጠብቀውማ።

ሌላ ያስገረመኝ ስለ ቶሎ ማስነሳት የተነገረው ነው። ሁላችንም ስትሮክ ታካሚ በቶሎ ይነሳ ብለን ነው የምናምነው። አቨርት የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ፣ 2,104 ሰዎች የተሳተፉበት። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ብዙና ረጅም እንቅስቃሴ የተደረገላቸው ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ ውጤታቸው ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ አልሆነም፣ እንዲያውም ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ይሄ ማለት አልጋ ላይ ይተው ማለት አይደለም፣ አሰልጣኟ ደጋግመው ነው ያሉት፣ በመጀመሪያው ቀን አታስጨንቁት፣ ከዛ በኋላ አጭር አጭር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አስነሱት። ዎርድ ላይ ሐኪሙ "ዛሬውኑ አስነሱልኝ" ሲል በምን ተነስቼ እንደምነጋገር አሁን አውቃለሁ።

በሻይ ሰዓት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር ማለት ይቻላል። ወጣቶቹ ከበቧቸው፣ "እዛ ላይሰንስ እንዴት ነው የሚወጣው" እያሉ። የሰማሁትን ልጻፈው፣ ብዙ ሰው በወሬ ስለሚሳሳት። አሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው፣ ፈተናው ግን አገር አቀፍ አንድ ነው፣ 225 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት፣ ከ200 እስከ 800 በሚሰጠው ነጥብ 600 ማምጣት ያስፈልጋል። በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፣ አንድ ሰው በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜው ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ መፈተን አይችልም። ውጪ የተማረ ሰው ከዛ በፊት ትምህርቱ ከነሱ ጋር እኩል መሆኑን የሚያይ ድርጅት ጋ ዶክመንቱን ያስገመግማል፣ የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ። እና ኮርስ በኮርስ ነው የሚያነጻጽሩት፣ ስለዚ የኮርስ ዝርዝራችሁንና የፕራክቲካል ሰዓታችሁን የሚያሳይ ወረቀት ከተማራችሁበት ቦታ አሁኑኑ አውጥታችሁ አስቀምጡ ብለዋል።

ሲፒዲውን በተመለከተ ደግሞ ስቴት ከስቴት ይለያያል። ቴክሳስ በየሁለት ዓመቱ 30 ነው። ካሊፎርኒያም በሁለት ዓመት 30 ሰዓት ነው ግን ከውስጡ 2 ሰዓት ስነምግባርና ሕግ፣ 4 ሰዓት ደግሞ የመጀመሪያ ሕይወት አድን እርዳታ መሆን አለበት። ፍሎሪዳ በሁለት ዓመት 24 ሲሆን 2ቱ የሕክምና ስህተት መከላከል ላይ ነው። ኒውዮርክ በሦስት ዓመት 36። እኛ ጋ በዓመት 30 ነው፣ በሰዓትና በክሬዲት አቆጣጠሩ አንድ ባይሆንም እኛ ላይ የተጣለው ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። በሕጉ ጥብቅነት ችግር የለብኝም፣ ጥብቅ ሕግ አውጥቶ ኮርሱን ግን አለማዘጋጀት ነው የሚያናድደኝ።

አንድ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ኮምፓክት የሚሉት ነው። ስቴቶቹ ተስማምተው፣ አሁን ከ30 በላይ ሆነዋል፣ በሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ያለው ሰው ሌላው አባል ስቴት ውስጥ ሙሉ ፈቃድ እንደገና ሳያወጣ ከፍሎ የመሥራት መብት ያገኛል። አሰልጣኟ ሜሪላንድ ይኖራሉ፣ ቨርጂኒያ ታካሚ ያያሉ፣ ሲፒዲ የሚሞሉት ለሚኖሩበት ለሜሪላንድ ብቻ ነው። አንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ የሚመለከት ፈተና ያክላል እንጂ ሌላው አንድ ነው። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ እንዳልገቡበትም ነግረውናል። ይሄን ስሰማ ወዲያው ያሰብኩት ስለኛ ነው። በፊት ዲላም ሶዶም ሐዋሳም አንድ ክልል ነበሩ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዳማ ለብቻው ክልል ሆነ፣ ከዛ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች መጡ። ሻሸመኔ ደግሞ ድሮም ኦሮሚያ ናት። እዛች አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጥን ሰዎች የተለያየ ክልል ጤና ቢሮ ነው የምንሄደው። ፊዚዮ በጣም ጥቂት በሆነበት አገር አንዱ ክልል ያጸደቀው የፊዚዮ ኮርስ ሌላውም ጋ ያለ ጥያቄ እንዲቆጠር ቢሮዎቹ ቁጭ ብለው በግልጽ ቢስማሙና ለሁሉም ቢያሳውቁ ብዙ ድካም ይቀንሳል። የሻሸመኔዋ ልጅ አዘጋጁን የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነበር፣ እና የተሰጣት መልስ "ችግር የለም" ነው። ችግር የለም መልስ አይደለም፣ ከኪሷ ከፍላ ለመጣች ሴት በወረቀት የተጻፈ ነገር ያስፈልጋታል።

ሦስተኛው ቀን መካከለኛ ነው። ጠዋት በቡድን ኬዝ ሠራን፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ታካሚ ታሪክ አምጥቶ እቅድ አወጣ፣ ጥሩ ነበር፣ የሶዶ ልጆች ያመጡት ኬዝ በተለይ። ግብ አጻጻፋችንን አሰልጣኟ አንድ በአንድ አረሙት፣ "ሚዛኑ ይሻሻላል" የሚለውን ሰርዘው "በሁለት ሳምንት ውስጥ ከበርጩማ ያለ ሰው እርዳታ ይነሳል" ብለው እንዲጻፍ አደረጉ። ከሰዓት ግን ፖስት ቴስትና መዝጊያ ንግግር ነው፣ ፖስት ቴስቱ ከፕሪ ቴስቱ ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲሆን አብዛኛው የመጀመሪያው ቀን ስላይድ ላይ ያለ ነው። ሁለተኛው ቀን ከተማርነው አንድም ነገር አልተፈተንም! ትከሻ እንዴት እንደሚያዝ የሚፈተነው በእጅ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን እያሠሩ ማየት ይቻል ነበር።

ምግቡን የጠየቃችሁኝ አላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ የጾም ለብቻው አለ፣ አንድ ቀን አሳ ነበር፣ ሐዋሳ ላይ አሳ ካልቀረበማ።

አሁን ወደሚያናድደኝ። አንደኛ ሰርተፊኬቱ። በዛው ቀን ይሰጣል ተብሎ አልተሰጠም፣ ብዙ ከተደወለ በኋላ ነው የመጣው፣ ፈቃድ ማሳደሻ ጊዜው የደረሰበት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚ ምክንያት ተጨንቆ ነበር። ሁለተኛ አቴንዳንስ። የመጀመሪያው ቀን ፈርመው ሁለተኛው ቀን ጭራሽ ያልነበሩ ሰዎች ሦስተኛው ቀን ከሰዓት መጥተው እኩል ሰርተፊኬት ተሰጣቸው። ይሄ ነው ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ። ያ ሰው ወረቀቱ ላይ ከኔ ጋር እኩል 15 ክሬዲት አለው፣ ያንን ትከሻ ግን አልነካም። ነገ እሱ ጋ የሚሄደው ታካሚ ማን እንደተማረ ማን እንዳልተማረ በምን ያውቃል? ሲፒዲ ለታካሚው ነው የተባለው እንጂ ለፋይላችን አይደለም። በየግማሽ ቀኑ ማስፈረም፣ የጎደለውን ክሬዲት መቀነስ፣ ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ ድፍረት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሦስተኛ ክትትል የለም። ከኮርሱ በኋላ አሰልጣኟ ኦንላይን አንድ ሰዓት ቢያገኙን፣ "ሞክራችሁ ምን ገጠማችሁ" ቢሉን፣ እሳቸው ራሳቸው ፈቃደኛ እንደሆኑ ተናግረዋል፣ አዘጋጁ ግን እስካሁን ዝም ነው።

ለማን ይሆናል ካላችሁኝ፣ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ውስጥ ስትሮክ ለምታዩ ሁሉ ይሆናል፣ በተለይ ብቻችሁን ለምትሠሩ፣ ዲፓርትመንቱ እናንተና አንድ አልጋ ብቻ ለሆናችሁ። ስፖርትና ወገብ ሕመም ላይ ብቻ ለምትሠሩ ክሬዲቱን ታገኛላችሁ ግን ሌላ ብትጠብቁ ይሻላል። ዎርድ ላይ ያላችሁ ነርሶች ሁለተኛውን ቀን ብትወስዱት በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ታካሚውን ቀንና ሌሊት የምታገላብጡት እናንተ ናችሁ፣ እኛ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው የምናገኘው፣ አዘጋጁም ነርስና አስታማሚ የሚገባበት ግማሽ ቀን ቢያዘጋጅ ትልቅ ነገር ነው። የሆስፒታል ኃላፊዎች ደግሞ ይሄን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ለፊዚዮአችሁ ክፈሉለት፣ ቢያንስ ፈቃድ ስጡት፣ "ማሳጅ ለመማር ነው ወይ የምትሄጂው" የሚል ኃላፊ ገጥሞኛል፣ ወጌሻና ፊዚዮ አንድ የሚመስለው ሰው አሁንም ቢሮ ውስጥ አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተለውን ጠይቁ፣ በዚኛውም በሌላውም ኮርስ። እውቅናውን የሰጠው ማን ነው፣ የኮርሱ ቁጥር ስንት ነው፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ይጻፋል ወይ፣ እናንተ ያላችሁበት ክልል ጤና ቢሮ ይቀበለዋል ወይ፣ ይሄን ራሳችሁ ቢሮው ደውላችሁ አረጋግጡ እንጂ አዘጋጁ በቃል ያለውን አትያዙ። ስንት ሰዓቱ ፕራክቲካል ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ግማሽ ካልሆነ ብራችሁን ያዙ። ሰርተፊኬቱን ስትቀበሉ ስማችሁና የሙያ ዘርፋችሁ በትክክል መጻፉን እዛው እዩ፣ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁም ኢሜይላችሁም ላይ አስቀምጡ።

ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጪዋለሽ ላላችሁኝ ለሁለተኛው ቀን አምስት፣ ለሦስተኛው ሦስት፣ ለመጀመሪያው አንድ ተኩል። አዘጋጁ ቀጣዩን ዙር ከክረምቱ በኋላ አደርገዋለሁ ብሏል፣ አሰልጣኟ ይምጡ አይምጡ ገና አልታወቀም፣ ስትደውሉ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ፣ እሳቸው ከሌሉ ፕራክቲካሉን ማን እንደሚያሠራ ስሙን እስኪነግሯችሁ ድረስ አትክፈሉ።